ሲልቬራዶ ደጀን ላይ ቆመብኝ፤ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ድረሱልኝ

የእነብሴ ልጅ፦
ጎበዝ፣ እንደምን ዋላችሁ። ቸኩያለሁ፤ በአጭሩ ልጻፍ። የአባይን ዳገት ጨርሼ ደጀን ልገባ ስል መኪናው ጉልበት አጣ። ቼክ ኢንጅን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አቁሜ ሳዳምጥ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ይላል። ነዳጅ ስሰጠው ድምፁም አብሮ ይፈጥናል። ሼቭሮሌት ሲልቬራዶ ፒክአፕ ነው። ከኋላ የሰርግ ድንኳንና ወንበር ጭኛለሁ፤ ነገ ጠዋት መርጡለ ማርያም መድረስ አለበት። እዚህ ያለ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ አዳመጠና «ሊፍተር ነው፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» አለኝ። ጎኑ የነበረው ደግሞ «የለም፣ ካንዴላ ነው» አለ። ማንን ልመን? ቀስ ብዬ ብነዳው ይደርሳል?

ፍሬን በአምላክ፦
ሲልቬራዶ! በእነብሴ መንገድ! ሀይሉክስ ብትይዝ ይሄኔ ደብረ ወርቅ ገብተህ ሻይ ታዝ ነበር።

ካንዴላው፦
ካንዴላ ቀይር።

የቡሬ ሞተረኛ፦
ወንድሜ፣ «ሲልቬራዶ ነው» ብቻ ብሎ እርዳታ መጠየቅ ሐኪም ጋ ደውሎ «ሰው አሞታል» እንደማለት ነው። የስንት ሞዴል ነው? ስንት ሲሲ? ቤንዚን ነው ናፍጣ? የዘይት መለኪያውን አውጥተህ አይተሃል? እስክትመልስ ድረስ ሞተሩን አጥፋው።

የእነብሴ ልጅ፦
በፈረንጅ 2012 ሞዴል። 5.3፣ ቪ8፣ ቤንዚን። ወንድሜ ነው ከአሜሪካ የላከው። ዘይት ችግር የለበትም፤ በቅርቡ ነው ያስቀየርኩት። አጥፍቼዋለሁ። የሰርጉ ሰዎች ግን እየደወሉ ነው።

ጋሽ ቴስታታ፦
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ ካልያዛችሁት ነገም ትመለሱበታላችሁ። ይህ መኪና ሲሊንደር የሚያሳርፍ ሥርዓት አለው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ካዲላክ በ1981 ሞዴሎቹ ላይ ከ8 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 4 ሲሊንደር የሚወርድ ሞተር አውጥቶ ነበር። የዘመኑ ኮምፒዩተር አልቻለውም፤ ከአብዛኞቹ ሞዴሎች ወዲያው ቀረ። በ2007ቱ ሲልቬራዶ ላይ የምናገኘው አዲሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ ቀለል ባለ ነዳጅ ስትሄድ 8ቱም ሲሊንደር አያስፈልግህም። ኮምፒዩተሩ 1፣ 4፣ 6 እና 7 ቁጥርን ያሳርፋል። ሊፍተር ማለት በካምሻፍቱ፣ በሚሽከረከረው ዘንግ፣ ላይ እየተንከባለለ ቫልቩን፣ የሲሊንደሩን የአየርና የጭስ በር፣ የሚያስከፍተው ነው። በእነዚህ አራት ሲሊንደሮች ያሉት ሊፍተሮች ሆዳቸው ውስጥ ትንንሽ የመቆለፊያ ፒን አላቸው። በሁለቱ ቴስታታዎች (ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድኑት) መካከል ባለው ክዳን ሥር ሶሌኖይዶች፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ የዘይት በሮች፣ አሉ። ሶሌኖይዱ ዘይት ሲለቅበት ፒኑ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሊፍተሩም ራሱ ውስጥ ይሰበሰባል። ካምሻፍቱ ቢገፋውም ቫልቩ አይከፈትም። ዘይቱ ሲቋረጥ ስፕሪንግ ፒኑን ይመልሰዋል፤ ሲሊንደሩ ሥራ ይጀምራል። ዳገት ስትጀምር 8ቱም መነሣት አለባቸው። ፒኑ አልመለስ ካለ ግን ያ ሲሊንደር ተኝቶ ይቀራል። ያን ጊዜ ቀጭ ቀጭ፣ መንቀጥቀጥ፣ ጉልበት ማጣት ይመጣል። በእኔ ዘመን ቫልቭ በቡሎን ነበር የምናስተካክለው፤ ልጁ ራሱ ፊለርጌጅ (የክፍተት መለኪያ) ይዞ…

የእነብሴ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ነገ ሰርግ ነው። ልንዳ ወይስ አልንዳ?

ጋሽ ቴስታታ፦
አትንዳ። መጀመሪያ እሱን ማለት ነበረብኝ ትለኝ ይሆናል። ምክንያቱን ሳታውቅ ብትሰማኝ ግን ሌሊት ትነዳው ነበር፤ ሾፌርን አውቀዋለሁ።

ተጠራጣሪው፦
ቆይ፣ ሊፍተር ነው ያለው ማን ነው? በጆሮ ብቻ? የዚህ 5.3 ሞተር የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ቡሎኖች፣ በተለይ የኋለኞቹ፣ ይሰበራሉ። ጭሱ በዚያ በኩል ሲያመልጥ ድምፁ ልክ ቀጭ ቀጭ ነው። አንድ ሰው «ሊፍተር» ካለው በኋላ ሁሉም ሊፍተር ይላል። ለሁለት ቡሎን ብሎ ሞተሩን የፈታ ሰው አይቻለሁ። ባትቸኩሉ ጥሩ ነው።

የቡሬ ሞተረኛ፦
ያልከው እውነት ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ቡሎን የተሰበረበት ሞተር ጠዋት ሲነሣ ይጮኻል፤ ብረቱ ሞቆ ሲሰፋ ድምፁ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። የሱ ደግሞ አባይን ሙሉ ወጥቶ፣ በደንብ ሞቆ ነው የጀመረው። ደግሞ ቼክ ኢንጅን ብልጭ ድርግም ሲል ሲሊንደር አልተኮሰም ማለት ነው። የማኒፎልድ ቡሎን ይህን አያመጣም።

ካንዴላው፦
ካንዴላውን አይታችሁታል? ካንዴላ ቀይሩ።

ሚኒሶታ ነኝ፦
ሰላም ለጎጃም። እኔ ሲየራ አለኝ፤ ሞተሩ አንድ ነው። ሰባተኛው ሲሊንደር ላይ ሊፍተር ሄዶብኝ ያውቃል። ካንዴላው ያለውን አትናቁት። በእነዚህ ሞተሮች 1 እና 7 ቁጥር ካንዴላ ዘይት ይጠጣል፤ ከሥር የሚረጨው ዘይት ሲሊንደሩ ድረስ ይወጣል። ዘይት የነካው ካንዴላም አይተኩስም። መጀመሪያ ርካሹን ነገር አጣራ። የኮምፒዩተሩን የብልሽት ኮድ የሚያነብ ስካነር ፈልግ። ኮዱ ፒ0300 ብቻ ከሆነ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ አይታወቅም። ፒ0301፣ ፒ0304፣ ፒ0306 ወይም ፒ0307 ካለ ከሚያርፉት አንዱ ነው። ከዚያ የዚያን ሲሊንደር ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) እና ካንዴላ ከጎኑ ካለው ጋር ቀያይር። ችግሩ አብሮ ከተዛወረ ዳንክ፤ ኮይል ወይም ካንዴላ ነው። ካልተዛወረ ወደ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፤ «ሞተሩ መውረድ አለበት» ያለህ መካኒክ አብዝቶታል። ሞተሩ ባለበት ይቀመጣል። የሚወርደው ቴስታታው ነው፤ ሊፍተሮቹ ከሥሩ በፕላስቲክ መያዣ ስለተቀመጡ በሌላ መንገድ አይወጡም።

ጮቄ ሥር፦
ማንም አልጠየቀም እኔ ልጠይቅ። «ዘይት ችግር የለበትም» አልክ። ምን ዘይት? ስንት ሊትር?

የእነብሴ ልጅ፦
20/50። ሻጩ ለዳገት ወፈር ያለ ይሻላል ብሎኛል፤ ሁሉም መኪና የሚወስደው እሱን ነው። አንድ ጋሎን፣ ባለ 4 ሊትር። ምኑ ነው ክፋቱ?

ጮቄ ሥር፦
ያ ሞተር ከነፊልትሮው 5.7 ሊትር ገደማ ይይዛል። ፋብሪካው ያዘዘው ደግሞ 5/30 ነው። አሁኑኑ መለኪያውን አውጣ፣ በጨርቅ ጥረግ፣ መልሰህ አስገብተህ አውጣና እይ።

የእነብሴ ልጅ፦
ከታችኛው ምልክት በታች ነው። ጫፉ ላይ ብቻ ነካ አድርጓል።

ፍሬን በአምላክ፦
ዘይቱም ሰርግ ሄዷል።

ጋሽ ቴስታታ፦
ይኸው! ፒን የሚነዳው ዘይት ነው አላልኩም? ወፍራም ዘይት በዚያች ቀጭን ቀዳዳ እየዘገየ ይገባል፣ እየዘገየ ይወጣል። ላዩ ላይ ጎደለና ዳገት ወጣህበት። ዘይት ሲጎድል ፓምፑ አየር ሊጠጣ ይችላል። የአባይ በረሃ ደግሞ ሙቀቱ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት ግፊት መርፌ ነበረችህ፤ ለጌጥ አይደለችም። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ልጁ ላይ ብቻ አናላክክ፤ ትክክለኛውን ዘይት በሰዓቱ የሚቀይሩ ሰዎችም በእነዚህ ሊፍተሮች ተሰቃይተዋል። ሥራው ራሱ ስስ ነው።

የእነብሴ ልጅ፦
ለመኪናው እኮ ሁሉም ሰው 20/50 ነው የሚለኝ። ለማንኛውም አንድ ልጅ ስካነር ይዞ መጣ። ፒ0300 እና ፒ0307 ይላል። 7 ቁጥር የት ነው?

ሚኒሶታ ነኝ፦
በሾፌሩ በኩል የመጨረሻው፣ ከመስታወቱ ሥር ከግድግዳው ጋር የተጠጋው። በዚያ በኩል ያሉት ከፊት ወደ ኋላ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ናቸው። ከ5 ጋር ቀያይረው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ እንጂ፤ እጅህን እንዳትጠብሰው።

የእነብሴ ልጅ፦
ቀያየርን። የ7 ካንዴላ ትንሽ ዘይት ነክቶት ነበር፤ ጠረግነው። ዘይት ሞልተን ለአፍታ አስነሣነው። አሁንም ፒ0307። ድምፁም አልቀረም።

ካንዴላው፦
አዲስ ካንዴላ ሞክሩ፤ መጥረግ አይበቃም።

የቡሬ ሞተረኛ፦
ካንዴላው፣ ቀያይረውታል እኮ! የ5ኛው ካንዴላ 7 ላይ ገብቶም አልተኮሰም።

እነብሴ፣ አሁን አንድ ፈተና ቀርቷል፤ ገንዘብ አያስወጣም። በሾፌሩ በኩል ኮይሎቹን ፍታ፤ ከቫልቭ ክዳኑ ላይ ነው የተቀመጡት። ከዚያ ክዳኑን ፍታ። ከሥሩ ቫልቭ የሚጫኑ ክንዶች ተደርድረው ታያለህ፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ናቸው። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ አውጣ፤ ሞተሩ እንዳይነሣ። አንድ ሰው ቁልፍ ያዙርልህ፤ አንተ እያየህ። ሁሉም ክንድ እኩል መውጣትና መውረድ አለበት። አንዱ ከቆመ ወይም ከሌላው ያነሰ ከተንቀሳቀሰ ሊፍተርህ ያ ነው። ሲቆም ደግሞ በጣትህ ነቅንቀው፤ ከላላ በሊፍተሩና በክንዱ መካከል ያለው ገፊ ዘንግ ጎብጦ ሊሆን ይችላል።

ተጠራጣሪው፦
ይህን ፈተና እኔም እቀበላለሁ። በዓይን የታየ ነገር ነው።

የእነብሴ ልጅ፦
ጨለመ፤ በስልክ መብራት አየነው። ከ7ቱ አንዱ ክንድ ጨርሶ አይነቃነቅም። ሌሎቹ እንደ ልብስ ስፌት መርፌ ይወርዳሉ ይወጣሉ፤ እሱ ዝም። በጣቴ ስነካው ይላላል። መካኒኩ «አላልኩህም?» እያለ እየሳቀብኝ ነው።

የቡሬ ሞተረኛ፦
በቃ፣ ሊፍተር ነው። መካኒኩ ሥራውን ያውቃል፤ ሞተሩ ይወርዳል ያለውን ብቻ ተወው። አሁን እንዳታስነሣው። የሊፍተሩ ሮለር ከተጣበቀ ወይም ሊፍተሩ ወደ ጎን ከዞረ ካምሻፍቱን ይበላዋል። የብረት ፍቅፋቂው ከዘይቱ ጋር በሞተሩ ሁሉ ይዞራል፤ ያን ጊዜ በእውነት ሞተር ይወርዳል። ድንኳኑን በአይሱዙ አስጭን፤ ማታም ቢሆን ከደጀን ወደ ቢቸና የሚሄድ አይጠፋም።

የእነብሴ ልጅ፦
አይሱዙ አገኘሁ፤ እየጫንን ነው። ቀጥሎ ምን ልግዛ? ወንድሜ ዕቃ ሊልክ ይችላል፤ ዝርዝሩን ዛሬ ስጡኝ።

ሚኒሶታ ነኝ፦
አንዷን ሊፍተር ብቻ አትቀይር። ቴስታታ አውርደህ አንዷን ቀይረህ ብትዘጋው ሌላዋ በሌላ ወር ትመልስሃለች። 16ቱን ሊፍተር ያምጣ፤ 8ቱ የሚያርፉ፣ 8ቱ ተራ ናቸው። 4ቱን የፕላስቲክ መያዣ፣ የጎበጠ ገፊ ዘንግ ካለ እሱን፣ የሁለቱንም ቴስታታ ጋስኬት፣ የአየር ማስገቢያና የጭስ ማውጫ ጋስኬት። የቴስታታ ቡሎን አዲስ! እነዚህ ቡሎኖች ሲጠበቁ ይለጠጣሉ፤ አንዴ ከተፈቱ አይመለሱም። «ደህና ነው፣ ይሠራል» የሚልህን መካኒክ አትስማ። ሶሌኖይዶቹ ያሉበት ክዳንም ቢቀየር ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከዚያ ይጀምራል።

ቴስታታው ሲነሣ ካምሻፍቱን በባትሪ መብራት አይታችሁ ጣት አሂዱበት። ጫፉ ከተፋቀ ካምሻፍቱም ይቀየራል፤ እሱ ደግሞ ራዲያተር ወርዶ በፊት በኩል ነው የሚወጣው። የድሮውን ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርጉት። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ማግኔት አስጠጉበት።

ተጠራጣሪው፦
እኔ ብሆን ሥርዓቱን ነቅዬ እጥለው ነበር። ተራ ካምሻፍት፣ 16 ተራ ሊፍተር፣ ሶሌኖይድ የሌለው ክዳን፤ 8ቱም ሁልጊዜ ይሠራሉ። ለምን ተመሳሳይ በሽታ በአዲስ ትገዛለህ?

ጋሽ ቴስታታ፦
ኮምፒዩተሩስ? እሱም እንደገና መጻፍ አለበት። ሥርዓቱ የለም ተብሎ ካልተነገረው አሁንም ያሳርፋል፣ ኮድ ያወጣል። ያን የሚጽፍልህ ሰው ደብረ ማርቆስ ታገኛለህ? ባሕር ዳርም እጠራጠራለሁ። ሳጥኑን ነቅሎ ወደ አሜሪካ ልኮ አጽፎ ማስመጣት ይቻላል፤ መኪናው እስከዚያ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ያለው ይመለስ፣ 5/30 ይግባበት፣ ዘይቱም ቶሎ ቶሎ ይቀየር እላለሁ። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያለውን መንከባከብ ነው።

የቡሬ ሞተረኛ፦
ገና ያልተበላሸባችሁ፣ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ባለ 6 ማርሹ ላይ ማርሹን ኤም ላይ አድርጋችሁ 5 ብትመርጡ ሲሊንደር አያሳርፍም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቪ8 ብሎ ይቆያል። ነዳጅ ትንሽ ይጨምራል። ከዳሽቦርዱ ሥር ካለው የስካነር ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሥርዓቱን የሚያስተኛ ትንሽ ዕቃም ይሸጣል። ሁለቱም የተሰበረ ሊፍተር አያድኑም።

ፍሬን በአምላክ፦
ሙሽሮቹ ደርሰው ይሆን?

ካንዴላው፦
ካንዴላ ሲቀይር ኦሪጅናል ይግዛ።

የዳንግላ ቡና፦
ይህን ዛሬ አየሁት። እኔ 2019 ሲልቬራዶ ልገዛ ነው፤ ያው 5.3። እዚህ 1፣ 4፣ 6 እና 7 ብቻ ናቸው የሚያርፉት እያላችሁ ነው። 3 ቁጥር ሊፍተር የሄደበት ሰው ግን አውቃለሁ። የቱ ነው ልክ?

ሚኒሶታ ነኝ፦
ሁለቱም። እሱ የያዘው የድሮው ሥርዓት ነው። በ2019ኙ አዲሱ ቅርፅ ላይ በብዙዎቹ 5.3 ሞተሮች የገባው አዲሱ ነው፤ 17 ዓይነት የማሳረፍ ቅንብር አለው፣ 8ቱንም ሲሊንደር በየተራ ያሳርፋል። ስለዚህ 16ቱም ሊፍተሮች ፒን ያላቸው ናቸው። ዘይቱም 0/20 ነው፤ ወደ 7.6 ሊትር ይይዛል፤ ከእሱ ጋር እንዳታምታታው። በ2021 በቺፕ እጥረት ምክንያት የማሳረፊያው ሞጁል ሳይገጠምባቸው የወጡ አሉ። የ2021 ከመረጥክ ሻጩን የምርት ወሩን ጠይቀው። ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ሌሊቱን የቆመ ሞተር ጠዋት ሲነሣ አንተው ራስህ ቁመህ አዳምጥ፤ ቀድሞ ያሞቀው ሻጭ ካለ ሌላ ቀን ተመለስ።