የመምህራኑ ስልጠና፦ ኤክስፖኔንሻል በፓይዘን፣ ፕሮፖዛሉን እዚሁ እንጨርስ

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ዋላችሁ። ለሁለተኛ ደረጃ የሂሳብና የፊዚክስ መምህራን የምንሰጠው የግማሽ ቀን ስልጠና ፕሮፖዛል እስከ ሐሙስ መግባት አለበት። ርዕሱ ላይ ተስማምተናል፣ የቀረው ይዘቱ ነው። እኔ የጀመርኩት ረቂቅ የ"ኢ"ን (2.718 ገደማ የሆነውን ቁጥር) ትርጉም ከሊሚት ያመጣና ከዛ ወደ ፓይዘን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው) ኮድ ይሄዳል። ያላችሁን ጣል ጣል አድርጉ።

የዳታ ልጅ፦ በናትሽ በትርጉም አትጀምሪ 😅 ሊሚቱን እኮ ከኛ በላይ ያውቁታል፣ ስንት ዓመት ሲያስተምሩት ኖረው እኛ ደሞ ቦርድ ላይ ልንደግምላቸው ነው? የሚጠቅማቸው ኮምፒውተር ላይ ሲጽፉት የሚገጥማቸው ነገር ነው። የመጀመሪያዋ ደሞ ይቺ ኮፍያ ምልክት ናት። ኤክሴል የለመደ ሰው ፓይዘን ላይ 10^2 ብሎ 100 ሲጠብቅ 8 ይወጣለታል፣ ኤረር የለ ምን የለ። ምክንያቱም እዛ ^ የቢት ኦፐሬተር ነው፣ ለፓወር ድርብ ኮከብ ነው የሚጻፈው፣ 10**2። ከዚህ እንጀምር፣ ክፍሉ ወዲያው ይነቃል።

ሂሳብ ያዥ፦ እስማማለሁ፣ ከዛ ቀጥሎ የገንዘቡን ምሳሌ እኔ እይዛለሁ። 10,000 ብር በ7 በመቶ ለ10 ዓመት። ወለዱ በዓመት አንዴ ከታሰበ 10000*1.07**10 ነው፣ 19,671.51 ብር ይመጣል፣ ያለማቋረጥ ይታሰባል ካልን ግን 10000 ሲባዛ ማዝ.ኤክስፕ(0.7)፣ ማለትም "ኢ" በ0.07*10 ፓወር፣ ሆኖ 20,137.53። የ466 ብር ልዩነት አለው። ተማሪ "የቱ ነው ትክክል" ማለቱ አይቀርም፣ መልሱ ሁለቱም ልክ ናቸው ግን የቁጠባ ደብተርህ ላይ ሁለተኛው አይሰራም ነው፣ ይሄን በግልጽ ካልነገርናቸው ባንክ ሄደው ይጣላሉ።

አንጋፋው፦ ልጆች ጥሩ ይዛችኋል። እኔ የሕዝብ ቁጥሩን ጨምሩልኝ እላለሁ፣ ገንዘብ ብቻ አይበቃም። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። በዓመት 2.6 በመቶ ዕድገት ወስዳችሁ እስከ ግንቦት 1999 ድረስ ያሉትን 12.6 ዓመታት አስገቡ፣ 53.5*ማዝ.ኤክስፕ(0.026*12.6) ማለት ነው። 74.2 ይላችኋል። ቆጠራው የሰጠው ከ73 ሚሊዮን በላይ ነው፣ አያስደነግጥም፣ ተቀራራቢ ነው። ታዲያ እዛው ላይ ቁሙ! ይችኑ ፎርሙላ መቶ ዓመት ወደፊት ጎትቶ "ይህን ያህል እንሆናለን" የሚል መምህር እንዳታወጡብኝ፣ የዕድገት መጠኑ ራሱ ይቀየራል፣ ኮዱ ግን ያንን አያውቅም የሰጡትን ይዞ ይበራል።

ጸሐፊ፦ ጋሼ ይሄማ ይገባል፣ ከነማስጠንቀቂያው እጽፈዋለሁ 🙏

አዲስ አባል፦ ኤ.አይ. የለም እንዴ? ሶፍትማክስ (ኤ.አይ. ስኮሮችን በኤክስፖኔንሻል ወደ ፕሮባቢሊቲ የሚቀይርበት ፎርሙላ) ሳንነካ ኤክስፖኔንሻል አስተማርን ማለት ይከብዳል። ደሞ ናምፓይ (ለብቻው የሚጫን የፓይዘን የስሌት ላይብረሪ) እንጠቀም፣ ማዝ.ኤክስፕ ሊስት አይቀበልም፣ አንድ በአንድ በፎር ሉፕ መዞር ሊኖርባቸው ነው።

የዳታ ልጅ፦ ወንድሜ ናምፓይ ላይ አልስማማም፣ ግማሹ ሰው ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው፣ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ኔትወርክ ታውቀዋለህ፣ ዳውንሎድ ሲጠብቁ ሻይ ሰዓት ይደርሳል። ማዝ ከፓይዘን ጋር አብሮ ይመጣል፣ ኢምፖርት ማዝ ብሎ መጀመር ነው፣ ፎር ሉፑም ቢሆን ለመምህር ጥሩ ልምምድ ነው። ናምፓይን በፕሮጀክተር እናሳያቸው ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ቁጥሩ ኮምፒውተሩ ከሚይዘው ሲያልፍ። ማዝ.ኤክስፕ(709) ይሰራል፣ 710 ስትለው ኦቨርፍሎው ኤረር ብሎ ይቆማል። ናምፓይ በ710 አይቆምም፣ ማስጠንቀቂያ ያሳይና ኢንፊኒቲ ሰጥቶህ ይቀጥላል። ወደ ኔጌቲቭ ስትሄድ ደሞ ሁለቱም -746 ላይ ትንፍሽ ሳይሉ 0.0 ይሉሃል።

ሶፍትማክሱም ከዚሁ ጋር ይገናኛል፣ ስለዚህ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ስኮሮቹ 1000፣ 1001፣ 1002 ከሆኑ በቀጥታ ኤክስፕ ውስጥ አይገቡም፣ ትልቁን ከሁሉም ቀንስ፣ -2፣ -1፣ 0 ይሆናሉ፣ መልሱ 0.09፣ 0.245፣ 0.665 ገደማ ይመጣል። መቀነሱ በመካከላቸው ያለውን ሬሾ ስለማይነካ ነው፣ ይሄን ማረጋገጫ መምህራኑ ራሳቸው ቦርድ ላይ ይስሩት፣ ደስ ይላቸዋል።

አዲስ አባል፦ እሺ ተሸነፍኩ 😂 እንደዛ ከሆነ በጣም ትንሹንም ጨምሩ። ማዝ.ኤክስፕ(1e-16) ላይ (1e-16 ማለት 10 በኔጌቲቭ 16 ፓወር ነው) 1 ስትቀንስ 0.0 ነው የሚሰጥህ፣ መቀነሱን ራሱ ጨምሮ የሚያሰላውን ማዝ.ኤክስፕኤም1 ብትል ግን 1e-16 በትክክል ይመጣል።

ሂሳብ ያዥ፦ ይሄ ለፊዚክሶቹ ብቻ ይሁን፣ ሂሳብ ያዥ ሆኜ እንኳ 16 ዲጂት ወርጄ አላውቅም።

ጸሐፊ፦ ግዴለም፣ ሃንድአውቱ ጀርባ ላይ ይገባል። እንግዲህ ኮፍያዋ፣ ወለዱ፣ የጋሼ ሕዝብ ቁጥር፣ ሻይ፣ ከሻይ በኋላ 710 እና ሶፍትማክስ። የሊሚቱን ክፍል አውጥቼዋለሁ። ያልተፈታው ስልክ ላይ ኢንተርኔት ሳይኖር ፓይዘን የሚያሮጠውን አፕ ቀድመው ጭነው እንዲመጡ ማን ይነግራቸዋል የሚለው ነው፣ ደብዳቤው ላይ ብጽፈው ርዕሰ መምህሩ ጋ ይቀራል ብዬ ፈራሁ።

አንጋፋው፦ የዲፓርትመንት ተጠሪዎቹን እኔ እደውልላቸዋለሁ፣ ሁለቱን አስተምሬያቸዋለሁ። አንቺ የአፑን ስም በአማርኛ ፊደልም በእንግሊዝኛም ጽፈሽ ላኪልኝ።

ሂሳብ ያዥ፦ ሃንድአውቱ ግን ፊትና ጀርባ አንድ ወረቀት ይሁን፣ ለፎቶኮፒ የያዝኩት ከዛ አያልፍም።