አባ ጆቢር፦ የጅማ ባለመብት ወይስ የጣሊያን ሹም?

ጥያቄው፦ የዳግማዊ አባ ጅፋር የልጅ ልጅ፣ የመጨረሻው የጅማ ንጉሥ አባ ጆቢር አባ ዱላ በከተማችን መንገድ ቢሰየምላቸው ትደግፋላችሁ? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይሁኑ፣ እንዳንምታታ።)

ቆቺ፦ አልደግፍም። ጣሊያን ከእስር አውጥቶ ሱልጣን ሲያደርጋቸው ተቀብለዋል። አርበኛው ዱር ለዱር ሲንከራተት ከወራሪ ሹመት ለተቀበለ ሰው መንገድ አይሰየምም። አለቀ።

ሒርማታ፦ ኧረ አላለቀም ወንድሜ፣ መጀመሪያ ለምን ታሰሩ? አባ ጅፋር በ1884 ለምኒልክ ሳይዋጉ ገበሩ። በምትኩ ጅማ ላይ ነፍጠኛ አልተተከለም፤ ዳኝነቱም ገበያውም በንጉሡ እጅ ቀረ። ግብርህን በየዓመቱ ታደርሳለህ፣ ዘመቻ ሲጠራ ጦር ይዘህ ትወጣለህ (በ1894 ወላይታ ዘምተዋል)፣ የቤትህን ነገር ራስህ ትጨርሳለህ። በ1928 ግብሩ 87,000 ጠገራ ብር፣ ለጦሩ ደግሞ ሌላ 15,000 ተቆረጠ። ድምሩ 102,000! ይህን ሁሉ እየከፈሉ በ1932 ራስ ገዝነቱ ሲነጠቅ ዝም ይበሉ?

ፈረንጅ አራዳ፦ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ግን ውሉን ያቆየው ብሩ ብቻ መሰለህ? ምኒልክ ደቡብ ምዕራቡን ሲያቀኑ ጅማ ወዳጅ ሆና ብትቆይ ይጠቅማቸው ነበር። ከፋ በ1897 ተያዘች፤ ከዚያ ወዲያ ጅማ ዳር አገር መሆኗ ቀረ። ከ1931 ሕገ መንግሥት በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ የምትፈልገው ራሷ የምትሾመውን ሹም እንጂ ግብር የሚልክ ንጉሥ አልነበረም። አያትየው ያገኙት ድርድር ለልጅ ልጃቸው አልቀረበላቸውም። ሽማግሌው ሲደክሙ አባ ጆቢር የቀረውን ሥልጣን ሊያጠብቁ ሞከሩ፣ ራስ ገዝነቱን ለመንጠቅና እሳቸውን ለማሰርም ለማዕከሉ ጥሩ ሰበብ ሆነለት። በዚያው በ1932 የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተሻሩ፤ እሳቸውም ኋላ ለጣሊያን አደሩ። ነገሩን የጅማ ወይም የእስልምና ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት አያስኬድም።

ቆቺ፦ ታዲያ ራስ ኃይሉ ስላደሩ የእኛው ይጸድቃል?

ጅሬን፦ አይጸድቅም። ሹመቱ ግን ምን ሥልጣን ነበረው? ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የያዘውን አገር በስድስት ከፍሎ ጅማን የአንዱ ግዛት መቀመጫ ሲያደርጋት፣ ገዢው መጀመሪያ ጄኔራል ጄሎሶ፣ ቀጥሎ ጄኔራል ጋዜራ ነበሩ። ጦሩም ካዝናውም እነሱ ዘንድ ነው። ከሱልጣኑ የተፈለገው የአባ ጅፋር ስም ነው፤ ሕዝቡ በዚያ ስም ይገዛልናል ብለው። በ1941 ጣሊያን ጅማን ሲለቅ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው አሰሯቸው።

መንደራ፦ ሁላችሁም አንድ ነገር ዘላችሁ። በጅማው ሒርማታ ገበያ ከቡናውና ከዝባዱ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ሥርወ መንግሥቱ የከበረበት ንግድ ውስጥ ይህም አለበት። የሸዋ መኳንንትም ባሪያ ያሳድሩ ነበር፤ ማንም ማንንም መውቀሻ አያገኝም። ለነገሩ መንገድ ከመሰየማችሁ በፊት ጉድጓዱን ድፈኑ።

ፈረንጅ አራዳ፦ መንገዱ ይቅርና ጅሬን ባለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አንድ ሰሌዳ ይሰቀል፦ ሁለቱ እስር፣ ማን እንዳሰራቸውና ለምን፣ መሃል ላይ የጣሊያኑ ሹመት። «የመጨረሻው ንጉሥ» ብሎ እዚያው ማቆም ግን አይሆንም።

ቆቺ፦ ሰሌዳውን እቀበላለሁ። የጣሊያኑ መስመር ብቻ በደቃቅ ፊደል እንዳይጻፍ።