ባለቤቴ የስቴንለስ በያጅ ነው፤ ወተት መጠጣቱ ከካንሰር ይጠብቀዋል?

የናቲ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ 38 ዓመቱ ነው፤ ብየዳ ከጀመረ 14 ዓመት ሆኖታል። ድሮ የላሜራ በርና መስኮት ነበር የሚሠራው። ካለፉት 4 ዓመታት ወዲህ ግን ገበያው ወደ ስቴንለስ ስለዞረ ከጠዋት እስከ ማታ የደረጃና የበረንዳ መደገፊያ ነው የሚበይደው። የሚሠሩበት ቦታ በሦስት በኩል በቆርቆሮ የተዘጋ ነው። አሠሪው በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጣቸዋል፤ «ጭሱን ያጥባል» ይባላል። ከወር በፊት አብሮት የሚሠራ ሰው የሳንባ ካንሰር ተገኘበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የእኔው ባለቤት ደግሞ በዚህ ሁለት ወር አፍንጫውን ቶሎ ቶሎ ይደማዋል።

አንዲት የማውቃት ሴት «ከባድ ብረት ከደም የሚያወጣ» ጠብታ አለኝ ብላ በብዙ ብር ልትሸጥልኝ ነው። ወተቱ ይሠራል? ጠብታውን ልግዛ? ምን ምርመራ ላስደርገው? ማታ ሲገባ የ3 ዓመቱ ልጃችን ሮጦ ይጠመጠምበታል፤ የእሱም ነገር ያሳስበኛል። የምታውቁ እባካችሁ።

ጋሽ በያጁ
አይዞሽ ልጄ። እኔ 30 ዓመት በይጃለሁ፤ ዛሬም አለሁ። ጋልቫናይዝድ ላሜራ የበየድን ዕለት ማታ ያንዘፈዝፈናል፣ ያተኩሰናል፣ ልክ ወባ የያዘን ነው የሚመስለው። ወተት ጠጥተን እንተኛለን፤ በነጋታው ደህና ሆነን ሥራ እንገባለን። ወተቱን አትናቂው።

ሲስተር ሜ
ጋሼ፣ የነገሩን ትኩሳት እውነተኛ ሕመም ነው። ላሜራው የተለበጠበት ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ያመጣዋል፤ ከሥራ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ይጀምርና በአንድ ወይም በሁለት ቀን በራሱ ይለቃል። ወተት ቢጠጡም ባይጠጡም በነጋታው ይሻልዎት ነበር። ምስጋናውን ግን ሁልጊዜ ወተቱ ወሰደው። በየጋራዡና በየብየዳ ቤቱ ይህ እምነት ሥር የሰደደው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ ወተት የሚሰጥ አሠሪ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል።

ወተት ወደ ጨጓራ ነው የሚወርደው። የብየዳ ጭስ ደግሞ ወደ ሳንባ ነው የሚገባው፤ ብናኙ ከአንድ ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) በታች ስለሆነ እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የለም።

የናቲ እናት፣ አንቺን የሚያሳስብሽ ካንሰሩ ከሆነ ዚንኩን ለጊዜው እንተወው። ስቴንለስ ከተራው ብረት የሚለየው ክሮሚየምና ኒኬል ስላለበት ነው። ሲበየድ ከክሮሚየሙ የተወሰነው ባለ ስድስት ክሮሚየም ወደሚባለው መርዛማ ዓይነት ተቀይሮ ከጭሱ ጋር ይወጣል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ክሮሚየምና የኒኬል ውሁዶችን በ1990 (እ.ኤ.አ.) ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠው አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የብየዳ ጭስን ራሱን፣ የተራውንም ብረት ጨምሮ፣ እዚያው ምድብ ውስጥ አስገባው። የሚጠቁት በዋናነት ሳንባ ነው። የሥራ ባልደረባው ሕመም ከዚህ ይምጣ አይምጣ ማንም ከሩቅ ሊፈርድ አይችልም፤ ባለቤትሽ ግን ጭሱን መቀነስ እንዳለበት ምንም ጥያቄ የለውም።

ኬሚስቱ
ብረት እንዴት ካንሰር ያመጣል ለሚለው ትንሽ ልጨምር፤ መንገዱን ያወቀ ሰው ጠብታውን አይገዛም።

ባለ ስድስት ክሮሚየም ቅርጹ ሰልፌት የሚባለውን ሰውነታችን የሚፈልገውን ንጥረ ነገር ይመስላል። ሕዋሱ ሰልፌት መስሎት በሩን ይከፍትለታል። ውስጥ ከገባ በኋላ ቫይታሚን ሲና ሌሎች የሕዋሱ መከላከያዎች ይይዙትና ወደ ባለ ሦስት ክሮሚየም ይለውጡታል። ውጭ ቢሆን ይህ መልካም ነበር፤ ባለ ሦስቱ ወደ ሕዋስ የሚገባው በጭንቅ ነውና። አሁን ግን ለውጡ የሚካሄደው የሕዋሱ መመሪያ ከተጻፈበት ከዲኤንኤው አጠገብ ነው። በመሃል የሚፈጠሩት ኃይለኛ ንጥረ ነገሮች ዲኤንኤውን ይቆርጣሉ፤ ባለ ሦስቱም እዚያው ይጣበቅበታል። ሕዋሱ ሊጠግን ይሞክራል፤ በጥገናው ላይ ስህተት ይገባል፤ ስህተቱ ለልጅ ልጅ ሕዋስ ይተላለፋል። ኒኬል ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው፦ የዲኤንኤውን ጽሑፍ ብዙም ሳይነካ ዕጢ እንዳያድግ የሚከለክሉትን ዘረመሎች ይዘጋቸዋል፣ የጥገና ሠራተኞቹንም ያውካል። ካድሚየምና አርሴኒክ የሚባሉት መርዛማ ንጥረ ነገሮችም ጥገናውን በማወክ ይታወቃሉ።

ይህ ሁሉ ድምፅ የለውም። ዛሬ ከተሳሳተው ሕዋስ እስከ ዕጢ ድረስ ብዙ ጊዜ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። በቺሊ አንቶፋጋስታ ከተማ ከ1958 እስከ 1970 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሕዝቡ አርሴኒክ የበዛበት የወንዝ ውኃ ጠጣ። ማጣሪያ ተተክሎ ውኃው ከተስተካከለ በኋላም የሳንባና የፊኛ ካንሰር ሞት ለአሥርተ ዓመታት ከፍ እንዳለ ቆየ። ዲኤንኤው ላይ የደረሰውን ስህተት ብረቱን ከደም በማውጣት መመለስ አይቻልም።

ሲስተር ሜ
ስለ ጠብታው በአጭሩ፦ አትግዢ። ከባድ ብረት ከደም የሚያወጡ እውነተኛ መድኃኒቶች አሉ፤ የሚሰጡት ግን በምርመራ ለተረጋገጠ መመረዝ፣ ለምሳሌ እርሳስ የሚባለው ብረት (ሊድ) በደማቸው ለበዛ ሕፃናት፣ ሐኪም እየተከታተላቸው ነው። ያለ ቦታው ሲሰጥ የደም ካልሲየምን አብሮ እየጠረገ ሰው የገደለበት ጊዜ አለ። ካንሰር ለመከላከል የሚሰጥ እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም።

ምርመራን በተመለከተ፣ በሽንት ክሮሚየም ሊለካ ይችላል፤ የሚናገረው ግን የዚያን ሳምንት መጋለጡን እንጂ ያለፉትን 14 ዓመታት አይደለም። ከዚያ ይልቅ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ አፍንጫው። ክሮሚየም የአፍንጫን መሃከለኛ ግድግዳ ያቆስላል፣ ሊበሳውም ይችላል፤ ስለዚህ የአንገት በላይ ሐኪም በመብራት ይየው፣ ሥራውንም ይንገረው። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የማይጠይቅ ሐኪም ብዙ ነው፤ እናንተ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሁለተኛ፣ ሳል ካለውና ሁለት ሳምንት ካለፈው ቲቢ ይመርመር። ደም የቀላቀለ አክታ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ግን አንድ ቀን አትቆዩ።

አቤል ከቨርጂኒያ
እኔም በያጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ ጀምሬ አሁን አሜሪካ ነው የምሠራው። እዚህ ሕጉ በ8 ሰዓት ሥራ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም በላይ ባለ ስድስት ክሮሚየም አይፈቅድም። አዲስ አበባ ሳለሁ ጭሱ ፊቴን ሸፍኖት ሌላውን ጫፍ የማላይበት ቀን ነበር። ያንን ሳስብ ያመኛል።

ባለቤትሽ ነገ ያለ ምንም ወጪ የሚያደርገው፦ ጭንቅላቱን ከጭሱ ዓምድ ማውጣት። አብዛኛው በያጅ ሥራው ላይ ያጎነብስና ጭሱ ቀጥታ በመከላከያው ሥር ወደ አፉ ይገባል። ሥራውን ወደ ተከፈተው በኩል ያውጣው፤ ነፋሱ በጎኑ እንዲያልፍ ይቁም። ከጀርባው ከነፈሰ ጭሱ ፊቱ ላይ ይሽከረከራል።

ከተቻለ ስቴንለሱን በአርጎን ጋዝ ይበይድ። በኤሌክትሮድ ሲበየድ የሚወጣው ጭስም ክሮሚየምም ከአርጎን በጣም ይበልጣል። አሠሪውንም በዚህ ማሳመን ይቻላል፤ የአርጎን ሥራ ንጹህ ስለሆነ ደንበኛ ይወደዋል።

ማስክ ስንል ደግሞ ጨርቁና ሰማያዊው የሐኪም ማስክ ለዚህ ጭስ አይሆኑም። ከብየዳ መከላከያው ሥር የሚገባ ግማሽ ፊት የሚሸፍን የጎማ ማስክ አለ፤ ግራና ቀኙ ላይ ክብ ማጣሪያ ይገጠምለታል። ማጣሪያው ላይ ፒ100 ወይም ፒ3 (P100 ወይም P3) የሚል ይፈልግ። ጢም ካለው ይላጭ፤ በጢሙ መሃል አየር ይሾልካል። የወር የወተቱ ሒሳብ ተጠራቅሞ ቢያንስ አንድ ማስክ የሚገዛ ይመስለኛል፤ ለአሠሪው እንዲህ ብሎ ያቅርብለት።

የናቲ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ በቀን 4 እና 5 ሲጋራ ያጨሳል። ደግሞ አልፎ አልፎ አሮጌ በር ለጥገና ሲመጣ ቀለሙን በግራይንደር እየላጠ ነው የሚበይደው። ልብሱን እኔ ነኝ ከልጁ ልብስ ጋር የማጥበው።

ሲስተር ሜ
ከሁሉ በላይ ሲጋራው ይቁም። የሳንባ ካንሰር ዋናው ምክንያት እሱ ነው፤ የትምባሆ ቅጠል ካድሚየምን ከአፈር ስለሚስብ የሚያጨስ ሰው ብረቱንም አብሮ ይምጋል። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ከገባ በአሥርተ ዓመታት ነው የሚወጣው።

አሮጌው ቀለም ለልጅሽ ያስፈራኛል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ አውጥታለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባ በርና ቀዩ የድሮ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ግን ብዙ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። እርሳስ በካንሰር ከክሮሚየሙ ያነሰ ማስረጃ ነው ያለበት፤ የሕፃን አእምሮን ግን በጥቂቱም ይጎዳል። ቀለሙን በደረቁ በግራይንደር ከመላጥ እያረጠበ ይፋቀው። የሥራ ልብሱን እዚያው ለውጦ ይምጣ፣ ለብቻው እጠቢው፤ ልጁን ከማቀፉ በፊት እጁንና ፊቱን በሳሙና ይታጠብ። ምሳውን በእጁ ነው የሚበላው፤ ከእንጀራው በፊትም እንዲሁ። ናቲን ሐኪም ቤት ስትወስጂው የደም እርሳስ ምርመራ ካለ ጠይቂ።

ጋሽ በያጁ
ልጄ ሲስተር፣ አልከራከርሽም። ከአብሮ አደጎቼ ሁለቱ በሳንባ ነው የሄዱት፤ ሁለቱም ያጨሱ ነበር፤ ሲጋራው ነው ብለን አለፍነው። ጭሱን አስበነው አናውቅም። የናቲ እናት፣ ባለቤትሽ የሚሠራበትን ሰፈር በውስጥ መስመር ላኪልኝ። የድሮ የብየዳ ጓደኞች አሉኝ፤ የጭስ መሳቢያ ፋን ከአሮጌ ዕቃ የሚሠራ አውቃለሁ። አሠሪው ለኔ ቢጤ ሽማግሌ እንቢ አይልም።

የናቲ እናት
ልኬልዎታለሁ ጋሼ። ትናንት ማታ መልሶቹን አንብቤለት ነበር። ምንም አላለም፤ ዛሬ ጠዋት ግን ቅያሪ ልብስ በፌስታል ይዞ ወጣ። የአፍንጫው ቀጠሮ ሐሙስ ነው፤ ሐኪሙ ያለውን እጽፍላችኋለሁ።