ማሽን ሳይጠፋ ስለሚሰኩ መሣሪያዎች ሰነድ ሲጻፍ «ይደገፋል» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት ክፍል በሊኑክስ የሚሠሩ ሰርቨሮችና የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች አሉ። ማሽኑ ሳይጠፋ የትኞቹን መሣሪያዎች መሰካትና መንቀል እንደሚቻል የሚገልጽ ሰነድ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። በአንድ ዓምድ የመሣሪያውን ስም፣ በሌላው «ይደገፋል» ወይም «አይደገፍም» ብዬ ጽፌ የምጨርስ መስሎኝ ነበር። ረቂቁን ለባልደረቦቼ ባሳየሁ ጊዜ ግን አንደኛው የሳታ (ዲስክን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኝ የመስመር ዓይነት) ዲስክ ማሽኑ እየሠራ ያለ ችግር እንደሚሰካ ሲያረጋግጥልኝ፣ ሌላኛው ያንኑ ዲስክ በሌላ ማሽን ላይ ሰክቶት ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ ሊታይ እንዳልቻለ ነገረኝ። ሁለቱም የተናገሩት በእጃቸው የሞከሩትን ነው፤ በእኔ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ሁለቱን የሚያስማማ ቦታ የለም።

በተጨማሪም ካነበብኳቸው መመሪያዎች አንዳንዶቹ ከርነሉ (የሊኑክስ ዋና አካል) መሣሪያ ሲሰካ «ሆትፕለግ» የተባለ ፕሮግራም ስለሚጠራ ስክሪፕቴን እዚያ ላይ እንዳስቀምጥ ሲመክሩኝ፣ ሌሎቹ የሚናገሩት ስለ ዩዴቭ (የመሣሪያ ዜና ከከርነሉ ተቀብሎ በደንቦች መሠረት የሚሠራ ፕሮግራም) ብቻ ነው። የትኛውን መከተል ይገባኛል? ሰነዱስ ስለ እያንዳንዱ መሣሪያ ምን ምን መግለጽ አለበት?

መልስ 1

የሠንጠረዡ ችግር «ይደገፋል» የሚለው ቃል ቢያንስ አራት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ ጨፍልቆ መያዙ ነው። ማገናኛው ኃይል ባለበት ሲሰካ ጉዳት እንዳይደርስ ተደርጎ ተሠርቷል ወይ? ተቆጣጣሪው ቺፕ አዲስ መሣሪያ መምጣቱን ለከርነሉ ያሳውቃል ወይ? ከርነሉ ተስማሚ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም) አለው ወይ? ከዚያ በኋላስ መሣሪያውን ለተጠቃሚው የሚያዘጋጅ ፕሮግራም አለ ወይ? ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ተጠቃሚው የሚያየው ውጤት ያው «አልሠራም» ነው፤ መፍትሔው ግን በየደረጃው ይለያያል።

ዩኤስቢን እንመልከት። የመሰኪያው የኃይል ፒኖች ከመረጃ ፒኖቹ ረዘም ስለሚሉ ኃይሉ ቀድሞ ይገናኛል። በዩኤስቢ 2.0 መሣሪያው ከሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች አንዱን በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ላይ በመሳብ መምጣቱን ያሳውቃል፤ አስተናጋጁም የእጅ ንቅናቄው እስኪረጋ ቢያንስ 100 ሚሊሰከንድ ይጠብቅና መሣሪያውን ዳግም ካስጀመረ በኋላ ማንነቱን ይጠይቀዋል። እስከዚህ ድረስ መሣሪያው ከ100 ሚሊአምፔር በላይ እንዲወስድ አይፈቀድለትም፤ እስከ 500 የሚወስደው ማንነቱ ታውቆ ከተፈቀደለት በኋላ ነው። እንግዲህ የራሱ ኃይል በሌለው ማከፋፈያ ላይ የተሰካ ዲስክ እምቢ ካለ፣ የሰነዱ አንባቢ ጥፋቱን ከድራይቨሩ ላይ እንዳይፈልግ ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል።

የባልደረቦችዎ ክርክር ደግሞ በሁለተኛው ደረጃ ላይ የተፈጠረ ይመስለኛል። ሳታ ከመነሻው ለዚህ የታሰበ ነው፤ ከፒኖቹ አንዳንዶቹ ስለሚረዝሙ የግራውንድ መስመሩ ቀድሞ ይነካል። ነገር ግን በባዮሱ (ማሽኑ ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ተቆጣጣሪው በአሮጌው የአይዲኢ አሠራር እንዲሠራ ከተደረገ ከርነሉ የመሰካቱ ዜና አይደርሰውም፤ በአዲሱ የኤኤችሲአይ አሠራር ሲሆን ግን ይደርሰዋል። በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ይህ ለየሶኬቱ በተናጠል የሚበራ ምርጫ ነው። ኃይል ለመቆጠብ የሳታውን መስመር የሚያስተኛው ቅንብርም አንዳንድ ጊዜ አዲስ ዲስክ ሳይታይ እንዲቀር ያደርጋል። ስለዚህ በሰነዱ ላይ «የሳታ ዲስክ ይደገፋል» ከሚል ዐረፍተ ነገር ይልቅ፣ በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ሶኬት፣ በየትኛው የባዮስ ቅንብርና በየትኛው የከርነል ቁጥር እንደተሞከረ ይጻፍ።

ስለ መመሪያዎቹ ልዩነት፦ እርስዎን ያደናገረዎት የዘመን ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የ2.4 ከርነል አንድ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ከርነሉ «ሆትፕለግ» የተባለውን ፕሮግራም ያስነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ከ2.6 ጋር ሲስፍስ (ከርነሉ መሣሪያዎቹን በማውጫና በፋይል መልክ የሚያሳይበት ቦታ) መጣ፤ ዩዴቭም በዚያው ዓመት ተጀመረ። ከጊዜ በኋላ ከርነሉ ፕሮግራም ማስነሣቱን ትቶ ዜናውን በኔትሊንክ ሶኬት (ከርነሉ ከፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገርበት የሶፍትዌር መስመር) በኩል ማሰራጨት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የዩዴቭ ምንጭ ኮድ ከሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሣና የሚያስተዳድር ፕሮግራም) ጋር ተዋሐደ። ዛሬ የሚጽፉት ሰነድ ዩዴቭን ይከተል። የድሮዎቹን መመሪያዎች መጥቀስ ካለብዎትም ለየትኛው ከርነል እንደተጻፉ አብረው ያመልክቱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጽሑፉ ሐሰት ሆኖ ሳይሆን ዘመኑ ስላለፈበት ነው።

መልስ 2

ከላይ የተሰጠው መልስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያተኮረው በመሰካት ላይ ነው። በእኔ ልምድ ጉዳት የሚደርሰው ሲነቀል ነው፤ ሰነዶችም በብዛት የሚዘነጉት ይህንኑ ነው።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ የነበረው መመሪያ ስለ ዲስክ የሚለው «እየሠራ ሊቀየር ይችላል» ብቻ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ይህን አምኖ ፋይል ተገልብጦ ማለቁን የሚያሳየው መስኮት እንደተዘጋ ዲስኩን ነቀለው። ለካስ መረጃው ገና በሜሞሪ ውስጥ ነበር፤ የተጻፈው ግማሹ ብቻ ሆኖ ቀረ። መመሪያውን ያነበበው በትክክል ስለነበር ልንወቅሰው አልቻልንም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የመንቀያ ቅደም ተከተል ይጻፍለት። ለዲስክ ከሆነ፣ የሚጠቀሙበት ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፤ ፋይል ሲስተሙ ከማውንት ይወርዳል (ከማሽኑ ማውጫዎች ይለያል)፤ ቀጥሎ በሲስፍስ ውስጥ ባለው የዲስኩ ማውጫ ሥር የሚገኘው «ዲሊት» የተባለ ፋይል ላይ 1 ይጻፋል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ስሙ ቢያስደነግጥም የዲስኩን መረጃ አያጠፋም፤ ከርነሉ ዲስኩን እንዲለቅ የሚያዝ ነው። ይህንንም በግልጽ ይጻፉት፤ አለበለዚያ ማንም አይደፍረውም።

የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርዶች የሚቀየሩባቸው ሰርቨሮች ካሉዎት ደግሞ አንዳንዶቹ ሶኬቶች አጠገብ አዝራርና መብራት አለ። አዝራሩ ሲጫን መብራቱ ለ5 ሰከንድ ብልጭ ድርግም ይላል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አዝራሩን ድጋሚ የተጫነ ትእዛዙን ይሰርዘዋል። መብራቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ካርዱ አይነካም። ትዕግሥት ያጣ ሠራተኛ ሁለቴ ተጭኖ ራሱ የሰረዘውን ትእዛዝ ሲጠብቅ አይቻለሁ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ረቂቁን ከሠንጠረዥ ወደ አጫጭር ገጾች ለውጬ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተሞከረበትን ማሽን፣ ቅንብሩን፣ የከርነሉን ቁጥርና የመንቀያውን ቅደም ተከተል መጻፍ ጀምሬያለሁ። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። አንደኛው፣ አንድ የዩኤስቢ ዲስክ ስሰካ የዩዴቭ መከታተያ ትእዛዝ ከአንድ በላይ ዜና ያሳየኛል፤ መሣሪያው የተበላሸ ይሆን? ሁለተኛው፣ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ሜሞሪ የተለየ ክፍል ማካተት ይገባኛልን?

መልስ 3

መሣሪያዎ ደህና ነው። አንድ ጊዜ ሰኩ ማለት ከርነሉ አንድ ጊዜ ተናገረ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ለዩኤስቢው መሣሪያ፣ ቀጥሎ ለውስጣዊ ክፍሉ፣ ከዚያ ዲስኩን ለሚያስተናግደው የስካዚ ንብርብር፣ ለራሱ ለዲስኩ፣ በመጨረሻም በውስጡ ላለው እያንዳንዱ ክፋይ የተለየ ዜና ይወጣል። በ4.14 ከርነልና ከዚያ ወዲህ ባሉት ደግሞ ድራይቨሩ ከመሣሪያው ጋር ሲጣመርና ሲለያይ የሚወጡ ዜናዎች ተጨምረዋል። የዩዴቭ ደንብ (የትኛው ዜና ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የሚገልጽ መስመር) ሲጽፉ የትኛውን እንደሚጠብቁ ካልለዩ ስክሪፕትዎ ለአንድ ዲስክ ሦስትና አራት ጊዜ ይነሣል። ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ሥራንም ከደንቡ ውስጥ በቀጥታ አያስነሡ፤ ዩዴቭ ያቋርጠዋልና ለሲስተምዲ አገልግሎት ያስተላልፉት።

ሳይጠየቅ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። መሣሪያውን በካርቶኑ ላይ ባለው ስም አይመዝግቡ። ከርነሉ ድራይቨር በብዛት የሚመርጠው መሣሪያው ራሱ በሚናገራቸው የአምራችና የምርት መለያ ቁጥሮች ነው፤ እያንዳንዳቸው 16 ቢት ናቸው። አምራቾች የሽያጩን ስም ሳይለውጡ የውስጡን ቺፕ ይለውጣሉ፤ በተለይ በዋይፋይ መሣሪያዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ባለፈው ዓመት የሠራው መሣሪያ በዚህ ዓመት ሲገዛ እምቢ ካለ፣ በሰነዱ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ነገሩን በአንድ ደቂቃ ይፈታዋል። ዲስክንም «ኤስዲኤ» ወይም «ኤስዲቢ» እያሉ አይጥሩ፤ እነዚህ ፊደሎች የሚሰጡት በተገኙበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ተነቅሎ ሲመለስ ሊቀያየሩ ይችላሉ። የፋይል ሲስተሙን ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ) ወይም ዩዴቭ በመለያ ቁጥሩ የሚፈጥረውን አቋራጭ ይጠቀሙ።

መልስ 1

መጀመሪያ መልስ የሰጠሁት ነኝ። ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ሜሞሪ ለጠየቁት ለሁለተኛው ጥያቄዎ፦ ክፍሉ ይኑር፤ ነገር ግን ከሌሎቹ ጋር አይደባለቅ። ሊኑክስ አንድን የፕሮሰሰር ኮር በሲስፍስ በኩል ከሥራ ውጭ ሊያደርገውና ሊመልሰው ይችላል፤ ይህም በተራ ላፕቶፕ ላይ እንኳ ይሠራል። አንባቢው ግን ይህን አይቶ ፕሮሰሰሩን በእጁ መንቀል የሚቻል እንዳይመስለው። በአካል መቀየር የሚቻለው ቦርዱም ፈርምዌሩም (በቦርዱ ላይ የተጫነው ፕሮግራም) ለዚሁ ተብለው በተሠሩ ትልልቅ ሰርቨሮች ላይ ነው። በቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ማሽን) ላይ ግን ፕሮሰሰርና ሜሞሪ መጨመር የተለመደ ሥራ ነው፤ እናንተም ቨርቹዋል ማሽን የምትጠቀሙ ከሆነ የክፍሉ አብዛኛው ገጽ ለዚያ ይዋል። ሜሞሪ ሲጨመር ከርነሉ አይቶት እያለ ሥራ ላይ ሳይውል ሊቀር ይችላል፤ አዲሶቹ የሜሞሪ ብሎኮች በራሳቸው እንዲበሩ የሚያደርገው ቅንብር መኖር አለመኖሩን አስቀድመው ይመልከቱ፤ የአንዱን ማሽን ቅንብርም ለሌላው አያውሱ።