የስዊዘርላንድ የባቡር ጉዞ ለሁለት ሰው፦ 6 ሌሊት፣ የትኛው ፓስ፣ የት ማደር?

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)

ሰላም ወገኖች። በሰኔ አጋማሽ ከባለቤቴ ጋር ስዊዘርላንድን በባቡር ብቻ ለማየት አስበናል። ያለን 6 ሌሊት ነው። እሷ ከአዲስ አበባ የምትመጣው ጀርመን በሰጠቻት የሸንገን ቪዛ ነው። እስካሁን ያወጣነው እቅድ ይህ ነው፦ ሉሰርን 1 ሌሊት፣ ኢንተርላከን 1፣ ዜርማት 1፣ ከዚያ ግላሲየር ኤክስፕረስ በሚባለው የቱሪስት ባቡር ሳንክት ሞሪትዝ 1፣ በበርኒና መስመር ቲራኖ ደርሰን ኹር 1፣ መጨረሻ ዙሪክ 1። በመሃል ዩንግፍራውዮኽ (ባቡር የሚወጣበት ከፍተኛ የተራራ ቦታ) መውጣትም እንፈልጋለን። ጥድፊያ አንወድም፤ ዋናው ነገር ማረፍ ነው። ስዊስ ትራቭል ፓስ (ለተወሰኑ ቀኖች በየጉዞው ቲኬት ሳይገዙ የሚያስኬድ) ይሻለናል ወይስ የግማሽ ዋጋ ካርድ (ቲኬቱን በግማሽ ዋጋ የሚያስገዛ)? የሰኔ ጾም ስለሆነ ስለ ምግብም ብትነግሩን ደስ ይለናል።

የሐዲድ ሰው

ወንድሜ፣ ጥድፊያ አንወድም ብለህ በየቀኑ ሆቴል የሚያስቀይር እቅድ ነው ያወጣኸው። ግላሲየር ኤክስፕረስ ብቻውን ከዜርማት እስከ ሳንክት ሞሪትዝ 8 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በማግስቱ በርኒናን ስትጨምሩበት ሁለት ሙሉ ቀን ወንበር ላይ አለፈ ማለት ነው። ሁለቱንም ለሌላ ጊዜ ተዋቸውና ሁለት ቦታ ብቻ እደሩ፦ 3 ሌሊት ሉሰርን፣ 3 ሌሊት ቬንገን።

ቬንገን መኪና የማይገባበት መንደር ነው። ከላውተርብሩነን በጥርስ ሐዲድ (ዳገት ለመውጣት በመሃሉ ጥርስ ባለው ሐዲድ) በሚወጣው ባቡር ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ኢንተርላከን ከተማው ውስጥ ማደር ለተራራው ምንም አይጠቅምም፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሳው። ቬንገን ያደረ ሰው ቀድሟቸው ይወጣል።

ሁለቱን ማደሪያዎች የሚያገናኘው ሉሰርን–ኢንተርላከን ኤክስፕረስ ሲሆን በየሰዓቱ ይነሳል፤ ጉዞው 2 ሰዓት አይሞላም። ቦታ ማስያዝ ግዴታ አይደለም። ከሉሰርን ስትነሱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ማይሪንገን ጣቢያ ላይ ሐዲዱ ስለሚያበቃ ባቡሩ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ፊታችሁ የነበረው ኋላችሁ ይሆናል። ያኔ ሰው ሁሉ ተነስቶ ወንበር ሲቀይር ታያላችሁ፤ እናንተ ግን አትነሱ። የብሪየንዝ ሐይቅ የሚመጣው በዚያው በተቀመጣችሁበት መስኮት ነው።

ሂሳብ ወዳድ

ወደ ፓሱ ልምጣ። ስዊስ ትራቭል ፓስ የሚሸጠው ለተከታታይ 3፣ 4፣ 6፣ 8 ወይም 15 ቀን ነው። 6 ሌሊት ማለት 7 የጉዞ ቀን ስለሆነ የ6 ቀኑ ፓስ አንድ ቀን ይጎድለዋል። ለዚያ ብላችሁ የ8 ቀኑን አትግዙ። የመጀመሪያውን ቀን ከፓሱ ውጭ አድርጉትና ከፍራንክፈርት እስከ ሉሰርን በአንድ ቲኬት ከጀርመን ባቡር ድርጅት ግዙ። ፓሱ ከ2ኛው ቀን ይጀምርና የ7ኛውን ቀን የኢንተርላከን–ባዝል መንገድ ይሸፍናል። ከባዝል እስከ ሉሰርን 1 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ከኢንተርላከን እስከ ባዝል ግን 2 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ረጅሙን ለፓሱ መተው ነው።

«በአንድ ቲኬት» ያልኩት በምክንያት ነው። ከጀርመን የሚመጡ ባቡሮች መዘግየታቸው የታወቀ ነው። እስከ ባዝል አንድ፣ ከባዝል ወዲያ ደግሞ ሌላ ቅናሽ ቲኬት ለየብቻ ከገዛችሁ፣ የስዊሱ ቅናሽ ቲኬት የሚሠራው በተጻፈበት ባቡር ላይ ብቻ ስለሆነ ባቡሩ ካመለጣችሁ ገንዘቡ ቀለጠ። በአንድ ቲኬት ከሆነ በሚቀጥለው ባቡር ትሄዳላችሁ። ሌላም አለ፦ ባዝል ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ባዝል ባድ የሚባለው ጣቢያ ነው። እዚያ እንዳትወርዱ፤ የእናንተ ባዝል ኤስ ቤ ቤ (SBB፣ የስዊስ ባቡር ድርጅት ስም ነው) የሚባለው ጣቢያ ነው።

የግማሽ ዋጋ ካርዱ ለአንድ ወር ይሠራል፤ ዩንግፍራውዮኽን ጨምሮ ብዙ የተራራ ባቡሮች ላይ 50% ይቀንሳል። ፓሱ ግን እስከ ቬንገን ሙሉ በሙሉ ይሸፍንና ከዚያ በላይ ወደ ዩንግፍራውዮኽ 25% ብቻ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ሂሳቡ እንዲህ ይሠራል፦ የምትሄዱበትን መንገድ ሁሉ ሙሉ ዋጋ በኤስ ቤ ቤ መተግበሪያ አውጡ፣ ደምሩ፣ ግማሹን ውሰዱ፣ የካርዱን ዋጋ ጨምሩበትና ከፓሱ ዋጋና ፓሱ ከማይሸፍነው ቀሪ ክፍያ ድምር ጋር አወዳድሩ። ዩንግፍራውዮኽ ካለበት ካርዱ የማሸነፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። እሱን ትታችሁ በጀልባና በሪጊ (ከሉሰርን አጠገብ ባለው ተራራ) ቀኑን ከሞላችሁ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ፓሱ ያደላል።

የሉሰርን ነዋሪ

ሪጊን ሂሳብ ወዳድ ጠቅሶ አለፈው እንጂ ለሁለት ሰው ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። ፓሱ ሁሉንም ይሸፍናል። ከሉሰርን ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው ወደብ ጀልባ ይዛችሁ ቪትስናው ትደርሳላችሁ፤ 1 ሰዓት ገደማ ነው። እዚያው ከወደቡ አጠገብ ቀዩ የጥርስ ሐዲድ ባቡር ይጠብቃችኋል። ይህ በ1871 የተከፈተው የአውሮፓ የመጀመሪያው የተራራ ባቡር ነው። በግማሽ ሰዓት ገደማ 1,798 ሜትር ላይ ሪጊ ኩልም ያወጣችኋል። ስትመለሱ ሪጊ ካልትባድ ላይ ውረዱና በኬብል ካር ወደ ቬጊስ ሂዱ። ከኬብል ካሩ እስከ ወደቡ የሩብ ሰዓት ቁልቁለት ስላለ ጀልባው ሊነሳ 5 ደቂቃ ሲቀረው አትውረዱ። የመጨረሻውን የመልስ ጀልባ ሰዓት ጠዋት ሳትወጡ ተመልከቱ፤ ከባቡሩ ቀድሞ ነው የሚቆመው።

ሆቴሉ የሚሰጣችሁን የእንግዳ ካርድም ጠይቁ፤ የሉሰርን ከተማ አውቶቡስ በነጻ ያስኬዳል። ፓሱ ባልጀመረበት በመጀመሪያው ቀን ይጠቅማችኋል።

የበርኗ

የሚያሳስቱ ነገሮችን ልጨምር።

ከኢንተርላከን ኦስት ወደ ላውተርብሩነን የሚሄደው ባቡር ጽቫይሉትሺነን ላይ ለሁለት ይቆረጣል፤ ግማሹ ላውተርብሩነን፣ ግማሹ ግሪንደልቫልድ ይሄዳል። ፕላትፎርሙ ላይ ያለውን ሰሌዳና ፉርጎው ላይ የተጻፈውን ሳታዩ አትግቡ። ኢንተርላከን ቬስት የሚባል ሌላ ጣቢያም አለ፤ ለተራራው የሚሆነው ኦስት ነው።

ጣቢያ ላይ ቲኬት የሚፈትሽ በር የለም፤ ቲኬት የሚታየው ባቡር ውስጥ ነው። ሳይገዙ ገብቶ «አሁን ልክፈል» ማለት ቅጣት ያመጣል። በመተግበሪያው ከሆነ ባቡሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት ግዙ።

ስልክ፦ ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልሆነች የጀርመን ሲም ካርዳችሁ እዚያ በነጻ ላይሠራ ይችላል። ውሉን አንብቡ፣ አለዚያ ሂሳቡ ያስደነግጣል። ቪዛው ግን ችግር የለውም፤ ስዊዘርላንድ ሸንገን ውስጥ ናት፣ ሌላ ቪዛ አያስፈልግም። ድንበር ላይ አልፎ አልፎ ፍተሻ ስላለ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ይሁን።

ቻርጀር፦ ቀጭኑ ባለሁለት እግር ይገባል። ክቡ ወፍራሙ የጀርመን ሶኬት አይገባም፤ አስማሚ ያዙ።

ጾም፦ ሚግሮስና ኮፕ የሚባሉት ሱቆች «ቬጋን» የሚል ምልክት ያለበት ብዙ ምግብ አላቸው። እሑድ የከተማው ሱቅ ይዘጋል፣ የትልልቅ ጣቢያዎቹ ግን ክፍት ናቸው። ውሃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ዳር ካለው የውሃ መቅጃ (ፋውንቴን) ሁሉ ይጠጣል፣ «Kein Trinkwasser» (ካይን ትሪንክቫሰር፣ የሚጠጣ ውሃ አይደለም) ካልተጻፈበት በቀር።

የባቡር ሰሌዳው በ24 ሰዓት ነው፤ 14፡04 ማለት በኛ ከቀኑ 8፡04። ባለቤትህ ስልኳ ላይ በሐበሻ ሰዓት ከሆነ ቀጠሮ የሚያጣላችሁ ይሄ ነው።

ጠያቂው

በጣም አመሰግናለሁ፣ እቅዱን ቀየርኩት። ዩንግፍራውዮኽን ብንተወው በቬንገን ቀኖች ምን እናድርግ? ሻንጣውስ?

የሐዲድ ሰው

ከቬንገን በኬብል ካር ሜንሊኸን ወደሚባለው ተራራ ውጡ፤ በፓሱ ግማሽ ዋጋ ነው። ከዚያ እስከ ክላይነ ሻይዴግ (የተራራ ባቡር ጣቢያ) በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የማይበልጥ፣ ሜዳ ለሜዳ የሆነ መንገድ አለ። አይገርና ዩንግፍራው የሚባሉት ተራሮች ፊት ለፊታችሁ ናቸው። በረዶው ካልቀለጠ መንገዱ ሊዘጋ ስለሚችል ጠዋት ሆቴሉን ጠይቁ። በሌላው ቀን ከላውተርብሩነን በኬብል ካር ግሩትሻልፕ፣ ከዚያ በትንሹ ባቡር ሙረን ወደሚባለው መንደር ሂዱ፤ ይህን ፓሱ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ሦስተኛውን ቀን ባዶ ተዉት፤ ዝናብ ይመጣል።

ዩንግፍራውዮኽ ካማራችሁ ደግሞ ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ አትግዙ። ጠዋት በኢንተርኔት የሚታየውን የተራራውን የቀጥታ ካሜራ ምስል እዩ፤ ጉም ከሆነ 3,454 ሜትር ላይ ነጭ ግድግዳ ለማየት ነው የምትከፍሉት። በአውሮፓ የበጋ ዕረፍት ወራት (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ግን የወንበር ቦታ ስለሚያልቅ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደሆነ ወዲያው ያዙ።

ሻንጣውን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ መላክ ይቻላል። ዛሬ የሰጣችሁት ከነገ ወዲያ ነው የሚወሰደው፤ ስለዚህ ከሉሰርን ከመነሳታችሁ በፊት አስቀድማችሁ ስጡና ለሁለት ሌሊት የሚሆን ልብስ በትንሽ ቦርሳ ያዙ። በሁለት ማደሪያ ግን ብዙም አያስፈልግም፤ ባቡሮቹ ሻንጣ ማስቀመጫ አላቸው፣ የቬንገን ሆቴሎችም ብዙዎቹ ከጣቢያው በእግር ይደረሳሉ።

ሂሳብ ወዳድ

ለመልሱ፦ ከባዝል ወደ ፍራንክፈርት የሚሄደውን ቅናሽ ቲኬት ስትይዙ ከኢንተርላከን ከምትደርሱበት ሰዓት ቢያንስ 40 ደቂቃ ዘግየት ያለውን ምረጡ። እዚህ ላይ ፓሱና የጀርመኑ ቲኬት ሁለት የተለያዩ ውሎች ስለሆኑ ባቡሩ ቢያመልጣችሁ ሌላ ቲኬት የምትገዙት እናንተው ናችሁ።