ታጣቂ ቡድን ሲሰነጠቅ እየሞተ ነው ወይስ እየተራባ? (ክርክር)

የክርክሩ ጥያቄ፦ አክራሪ እስላማዊ ታጣቂዎች እርስ በርስ ተጣልተው ሲለያዩ መንግሥታት «አለቀላቸው» ይላሉ። እውነት ነው? (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሎሞን፦ እኔ እውነት ነው ባይ ነኝ። አልጄሪያን እዩ። ጥር 1992 ጦሩ ምርጫውን ሰረዘ። ሊያሸንፍ የተቃረበው የእስላማዊ ማዳን ግንባር ታገደ። ጫካ የገባው ግን አንድ አልነበረም። የግንባሩ ታጣቂ ክንፍና ጂአይኤ የሚባለው ቡድን እርስ በርስ ተጫረሱ። በ1997 የግንባሩ ክንፍ ተኩስ አቆመ። የጂአይኤ መሪ አንታር ዙዋብሪ በ2002 ሲገደል የቀረው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ተሰነጠቁ፣ አለቁ። በቃ።

ሀያት፦ ሶል፣ መሃሉን ዘለልከው እኮ። ጂአይኤን የበላው ሕዝብ ላይ መዞሩ ነው። ነሐሴ 1997 ራይስ፣ በወሩ ደግሞ ቤንታልሃ። ሁለቱም ከአልጀርስ በስተደቡብ ያሉ ሰፈሮች ናቸው። ሌሊት ገብተው ሴት፣ ሕፃን ሳይሉ አረዱ። እዚያ አካባቢ እኮ ብዙ ሰው ለግንባሩ ድምፁን የሰጠ ነው! የጂአይኤ መሪዎች ግን ከእነሱ ጋር ያልቆመውን ሁሉ ከሃዲ ማለት ጀምረው ነበር። እንዲህ ያለውን ቡድን ማን ያበላዋል? ማን ይደብቀዋል?

አሁን ስንጥቁን እይ። በ1998 ሐሰን ሐጣብ ተገንጥሎ የራሱን ቡድን አቆመ። ሰበቡ ይኸው የሲቪሎች ግድያ ነበር፤ «እኛ የምንዋጋው መንግሥትን ነው» አለ። ያ ቡድን በ2003 ሰሃራ ውስጥ 32 አውሮፓውያን ቱሪስቶችን አገተ። በ2007 ስሙን ቀይሮ የአልቃኢዳ የመግሪብ ክንፍ ሆነ። በ2017 የሰሃራው ክፍሉ ማሊ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ጀመዓት ኑስረት አል-ኢስላምን መሠረተ። እናትየው ሞተች፣ የልጅ ልጅ የማሊን ዋና ከተማ ባማኮን ያስጨንቃል። ይሄ ነው ማለቅ?

አብዱ፦ ሀያት ልክ ናት። ናይጄሪያም ያው ነው። በ2016 አይሲስ የቦኮ ሃራምን መሪ አቡበከር ሸካውን ትቶ የቡድኑ መሥራች የመሐመድ ዩሱፍን ልጅ አቡ ሙስዓብ አል-በርናዊን ሾመ። ሸካው እምቢ አለ፣ ተለያዩ። ጠቡ ምን ላይ ነበር? ሸካው ሙስሊሙን ሁሉ በጅምላ ከሃዲ እያለ፣ መስጊድና ገበያ እያፈነዳ ነው የሚል። ተገንጣዩ የአል-በርናዊ ቡድን ቻድ ሐይቅ ዳር ሰፈረ። ከዓሣ አጥማጁ፣ ከከብት አርቢው ግብር ይሰበስባል። ደግነት አይምሰላችሁ፤ የሚታለብ ሕዝብ ስለሚያስፈልገው ነው። ግንቦት 2021 ሳምቢሳ ጫካ ገብቶ ሸካውን ከበበው። ሸካው ራሱን አፈንድቶ ሞተ ተባለ። (የናይጄሪያ ጦር ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ «ገደልነው» እንዳለ ታስታውሳላችሁ።) ከዚያ በኋላ የሸካው ተከታዮች ከነቤተሰባቸው በሺዎች እጅ ሰጡ።

ሰሎሞን፦ ታዲያ በሺዎች እጅ ከሰጡ መዳከም አይደለም?

አብዱ፦ የሸካው ወገን ተዳከመ። ያሸነፈው ግን መንግሥት ሳይሆን ሌላው ቡድን ነው። ለገበሬው ግብር ሰብሳቢው ተቀየረ፣ ሌላ ምን ተለወጠ?

ጋሽ ተካ፦ ልጆቼ፣ ሁላችሁም አንድ ነገር ረስታችኋል። መውጫ በር! አልጄሪያ በ1999 የምህረት ሕግ አወጣች። በ2005 ደግሞ በሕዝበ ውሳኔ አሰፋችው። ሐጣብ ራሱ በ2007 እጁን ሰጠ። መሰንጠቅ የሚጠቅመው ከቡድኑ የተጣላው ሰው ወደ ቤቱ መሄጃ ሲኖረው ነው። መሄጃ ካጣ ሌላ ቡድን ያቋቁማል፣ ምን ያድርግ?

ሀያት፦ ጋሽ ተካ፣ በሩ ላይ እስማማለሁ። ግን ዋጋውን ማን ከፈለ? በ2005 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀውን የምህረት ቻርተር ለማስፈጸም በ2006 የወጣው ድንጋጌ የዚያን ዘመን ቁስል እያነሳ የመንግሥትን ስም የሚያጠፋ ከ3 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ይላል። ታጣቂው ቤቱ ገባ። የጸጥታ ኃይሎችም አይከሰሱም። የጸጥታ ሰዎች ወስደውት የጠፋ ልጇን የምትፈልግ እናት ግን አደባባይ ስትወጣ ፖሊስ ይበትናታል።

ጋሽ ተካ፦ ታዲያ ሁሉም ይከሰስ ብትዪ ጠመንጃውን ማን ያወርዳል?

ሀያት፦ ሁሉም ይከሰስ አላልኩም እኮ። ምህረቱ ይኑር፣ «ልጄ የት ደረሰ?» ማለት ግን ለምን ያሳስራል? ሁለቱን አያጣምሩብኝ።