የኮሙናሉን አንድ ክፍል ለልጆቻችን እንጠይቅ፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁም። እሑድ ቡና ላይ የተስማማነውን በጽሑፍ ላውርደው ብዬ 3 ቀን ታገልኩ። ማመልከቻው የሚገባው ለጋራ ሕንጻችን ኮሚቴና ለእድራችን ነው። ግልባጩ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለደብራችን አስተዳዳሪ ይሄዳል። ግን ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆምኩ።

«እኛ የየካ አባዶ ነዋሪዎች፣ ልጆቻችን በ...» ካልኩ በኋላ ምን ልበል? በበሽታ? በለከፍት? በክፉ መንፈስ? 11 ቤተሰብ ነን። የሁላችንም ልጅ ደህና ሲጫወት ቆይቶ ሌላ ልጅ ሆኖብናል። ምን ነካው ሲባል ግን መልሳችን አንድ አይደለም።

ጥያቄያችን ይህ ነው። ከኮሙናሉ፣ ማለትም ከነዋሪው የጋራ መገልገያ ቤት፣ አንዱ ክፍል በሳምንት 3 ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ይሰጠን። 2 ወላጆች በተራ ልጆቹን ይይዛሉ። የቀረው ሥራ ይሂድ፣ እንጀራውን ይጋግር፣ ወይም እንቅልፉን ይተኛ። የጎደለውን ሙሉበት።

እናት፣ 4ኛ ፎቅ
እኔ ስሙ ምንም ቢባል ግድ የለኝም። ልጄ 2 ዓመት ካለፈው በኋላ «እማዬ ውሃ» ይል ነበር። ገጠር አያቱ ጋ ወስጄው ቀትር ላይ ወንዝ ዳር ሲጫወት ዋለ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ አንድ በአንድ ጠፋ። መጀመሪያ «ውሃ» ጠፋ። ቀጥሎ «እማዬ» ጠፋ። የቀትር ጋኔን ለክፎት ነው አሉኝ፤ ጸበል ገባሁ። ሐኪም ቤትም ወሰድኩት፤ ኦቲዝም ነው አሉኝ። አሁን 6 ዓመቱ ነው።

ጠዋት ሲነሳ ቆርኪዎቹን ከደጃፋችን እስከ ደረጃው ይደረድራል። ሰማያዊው ከሰማያዊ፣ ቀዩ ከቀይ። ሰው አንዷን ከረገጠበት ያ ቀን አለቀ ማለት ነው።

እንጀራ ጋግሬ ለሱቅ ነው የማስረክበው። ስጋግር በነጠላዬ ጫፍ ወገቡን ከወገቤ ጋር አስረዋለሁ። ካላሰርኩት ደረጃውን ወርዶ መኪና መንገድ ይገባል። ምጣዱ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ይጎትተኛል። ጎረቤቴ እኛ ስንወጣ ልጇን ከደረጃው ትሰበስባለች። አልቀየማትም፤ እኔም ድሮ የሰው ልጅ ሳይ እንደዚያ አደርግ ነበር።

ረቂቁ ላይ ይኼ ይግባልኝ። ከሁሉ በፊት የምንፈልገው ሰው ነው። ለ2 ሰዓት የሚተካን ሰው።

አባት፣ የሌሊት ጥበቃ
የኔዋ 9 ዓመቷ ነው። ትወድቃለች። ተረኛ ባልሆንኩበት ሌሊት እግሯን ይዤ እተኛለሁ። መንቀጥቀጥ ስትጀምር እጄ ቀድሞኝ ይነቃል። ተረኛ ስሆን እናቷ ትይዛለች። ቀን ቀን ሁለታችንም በቁማችን ነው የምናንቀላፋው።

ባለፈው ክረምት ከሰል ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጠለ። ሰው ሞልቶ ነበር፤ ቶሎ ያነሳት የለም። አረፋው ይተላለፋል ብለው ፈሩ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የሚያውቀውን ነው ያደረገው።

ክፍሉ ውስጥ ከሰል አይገባም የሚል ይጻፍ። በትልቁ ይጻፍ።

አያት፣ ምድር ቤት
ልጆቼ፣ ይኼን የልጅ ልጄ ናት እያነበበች የምትጽፍልኝ። የማሳድገው ወንድሟን ነው፤ እናታቸው አርፋለች። ልጁ አልታመመም፤ ተይዟል። ጸበል ሲነካው የሚናገረው በራሱ ድምፅ አይደለም። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወረቀቱ ላይ በሽታ ብላችሁ ከጻፋችሁ እኔ የለሁበትም። ያየሁትን አላየሁም ማለት ይሆንብኛል።

ኪኒን ይወስድ ነበር። ጸበል ቦታ አንዲት ሴት ሁለቱ አብረው አይሆኑም ብትለኝ ተውኩት። ከተውኩ ወዲህ ሌሊት ሌሊት አብዝቶ ይጥለዋል። ማንን እንደምጠይቅ ጠፋኝ።

ነርስ፣ የአንዱ ልጅ አክስት
እማማ፣ እንኳን ነገሩን። ነገ ጠዋት አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድ። ካርዱንና የተረፈውን ኪኒን ይያዙልኝ። ፌኖባርቢታልም ሆነ ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በአንዴ ሲቋረጥ መጣሉ ይብሳል። አንዳንዴም ልጁ ሳይነቃ እየደጋገመ ይጥለዋል፤ ያ ነፍስ ያሰጋል። ማቆም ቢያስፈልግ እንኳ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው። የሰሙትን አልሰሙም እያልኩዎት አይደለም። እኔም ጸበል እጠመቃለሁ፤ ኪኒኑ ግን ከጸበሉ ጋር ይሂድ።

ለተረኞች ማወቅ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ልጁ ሲወድቅ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ ማራቅ ነው። ራሱ ሥር ልብስ ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ካለ ማላላት። እጅና እግሩን በጉልበት አትያዙ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይግባ። ክብሪቱ ይቅር፤ አይነቃበትም፣ ሊያቃጥለው ግን ይችላል። አረፋው ምራቅ ነው፣ አይተላለፍም። እና ሰዓት ተመልከቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ሰው ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሲያበቃ ግራ ይጋባል፣ ይተኛል። ያኔ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ቢሆን ጥሩ ነው። ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት ግማሽ ቀን ስጡኝ፤ መሬት ላይ ተኝቼ አሳያችኋለሁ።

ቃል የጠፋባቸው ልጆች ደግሞ ጆሯቸው ተመርምሯል ወይ? ብዙ ቤት ይኼ ይዘለላል።

የእድሩ ዳኛ
በርቱ። የልጅ ነገር ስለሆነ እኔም ልናገር። ወረቀቱ ለደብሩ ሲሄድ እንዳትፈሩ። በ1999 ዓ.ም. ሰው የኤችአይቪ መድኃኒቱን ጥሎ እንጦጦ ጸበል ላይ ሲከርም፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ ብለዋል። ይኼ ለኛም ይሠራል። አስተዳዳሪውን 2 ነገር ብቻ እንለምን። የልጁ መድኃኒት በጸበል ምክንያት እንዳይቋረጥ። ልጅ ሲጠመቅ እንዳይታሰር፣ እንዳይገረፍ፣ ወላጁም ከአጠገቡ እንዳይርቅ።

ኮሙናሉን በተመለከተ፣ በምትሉት ክፍል የእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለ። ወደ ጎን እናስጠጋዋለን። ለቅሶ በደረሰ ቀን ግን ክፍሉ ሊያስፈልገን ይችላል። ይኼን አሁኑኑ ጻፉት፤ ኋላ ጭቅጭቅ እንዳይሆን።

እናት፣ ከመስጂዱ በታች
ጋሼ አላህ ይስጥልኝ። እኛ ቤት የሚባለው ጂን ነው። ሼኹ ቁርኣን ይቀሩለታል፣ ልቤም ያርፋል። ግን ግልባጩ ለደብሩ ብቻ ከሄደ እኔ የት ነኝ? ለመስጂዱም ይሂድ። ጸሎት ቤት የሚሄዱም አሉን፤ ለእነሱም።

ደግሞ ማንም ያላነሳው አለ። የ13 ዓመት ልጄ በሳምንት 2 ቀን ከትምህርት ቤት የምትቀረው ወንድሟን ለመያዝ ነው። እኔ ሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ። ማታ ደብተር የምትገለብጠው እሱ ሲተኛ፣ ኮሪደር ላይ ነው። ኩራዝ እንኳ አይደለም፣ የስልክ መብራት። ሐጃው የሷም ነው። ረቂቁ ውስጥ እህቶችና ወንድሞች ይግቡ።

መምህርት
ትክክል ብለሻል እህቴ። የኔንም ልጅ ያስመዘገብኩበት ትምህርት ቤት በ2ኛው ሳምንት ውሰጂው አለኝ፤ ሌሎቹን ልጆች ይረብሻል ተባለ። አንድ ክፍል ምን ይፈይዳል ለሚሉን አንድ ነገር እንንገራቸው። ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሐኪም አልነበሩም። የውበት ሙያ ባለሙያ ነበሩ። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ ነው የተነሡት። ይኸው ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። እሳቸው አርፈዋል፣ ሥራው ግን አለ። የኛም መነሻ የራሳችን ልጅ ነው።

ለልጆቹ ቀኑ ቅደም ተከተል ይኑረው። መጀመሪያ እጅ መታጠብ፣ ከዚያ ቆርኪ፣ ከዚያ ዳቦ፣ ከዚያ ዕረፍት። በሥዕል ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቁ ብዙዎቹ ይረጋጋሉ።

አባት፣ በያጅ
የደረጃውን አፍና የመስኮቱን መረብ እኔ እሠራለሁ። ጉልበቴን አልቆጥርም፤ ብረቱንና ኤሌክትሮዱን እናዋጣ። ከኮሙናሉ ጀርባ ያለው ቦይ ክዳን የለውም፣ ክረምት ሳይገባ እሸፍነዋለሁ። በሩን ከውጭ የሚቆለፍ ላድርገው?

እናት፣ 4ኛ ፎቅ
አይሆንም። ከውጭ የሚቆለፍ በር ልጄ አይቷል። የት እንደሆነ አልናገርም። ከፍ ያለ መወርወሪያ ከውስጥ ይሁን፣ በሩም ላይ ሁልጊዜ ሰው ይቀመጥ።

አባት፣ በያጅ
ገባኝ። ከውስጥ ይሆናል።

ጸሐፊ
ሁሉንም አነበብኩ። መጀመሪያውን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«እኛ የየካ አባዶ ነዋሪ ወላጆች፣ አያቶችና አሳዳጊዎች፣ ልጆቻችን ተለውጠውብናል። ምን እንደለወጣቸው እያንዳንዳችን በየእምነታችንና በየሐኪማችን እንከታተላለን። ይህ ማመልከቻ በዚያ ላይ አይከራከርም። የምንጠይቀው ልጆቹ ሳይታሰሩና ብቻቸውን ሳይቀሩ የሚውሉበትን ቦታ ነው።»

በሽታ የሚለውም መንፈስ የሚለውም ወጥቷል። ጤና ጽሕፈት ቤቱ የበሽታ ስም ከፈለገ፣ የሐኪም ወረቀት ያለን ለየብቻ እናያይዛለን። ከሰል አይገባም የሚለው በትልቁ ገብቷል። የለቅሶ ቀን፣ የመወርወሪያው ነገር፣ የእህትና የወንድም ነገር ገብቷል። መድኃኒት አይቋረጥ፣ ልጅ አይታሰር የሚለው ለደብሩም፣ ለመስጂዱም፣ ለጸሎት ቤቱም በአንድ ቃል ይሄዳል። ጤና ጽሕፈት ቤቱን ደግሞ 1 ነገር ጨምሬ ጠይቄያለሁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በወር አንድ ቀን ክፍሉ ድረስ እንድትመጣልን።

ያልተቋጨው ተራው ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ብዬ ይዣለሁ። ሐሙስን የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

አባት፣ የሌሊት ጥበቃ
ሐሙስን እኔ። ረቡዕ ማታ ተረኛ አይደለሁም፣ እንቅልፍ ጠግቤ እመጣለሁ።

አያት፣ ምድር ቤት
ልጅቷ ደግማ አነበበችልኝ። ተለውጠውብናል ማለቱ እውነት ነው። እፈርማለሁ። አሻራ ይበቃል?

ጸሐፊ
ይበቃል እማማ። ቀለሙን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ነርስ፣ የአንዱ ልጅ አክስት
እማማ፣ ነገ 2 ሰዓት ብሎኩ ሥር እጠብቅዎታለሁ። ኪኒኑን እንዳይረሱ፤ ባዶ ዕቃው ብቻ ቢሆንም ይዘውት ይምጡ።